ክፉ ቃል የማያሻግረው አስተርጓሚ

እንግሊዝኛ ለክፉ ነገር ቃል አይቸግረውም። ይህን ያወቅሁት ክፍል ውስጥ ጠመኔ ይዤ ሳይሆን፣ ሮቤ ዳር አንድ የስንዴ ማሳ ውስጥ እስከ ቁርጭምጭሚቴ ጭቃ ገብቼ ነው። ጊዜው የደርግ ነበር። ጎባ የባሌ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ ነበረች፤ እኔ ደግሞ የሮቤ ትምህርት ቤት የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነበርኩ። ሁለታችንም ትንሽ እንኮፈስ ነበር።

ክረምቱ ገብቶ ትምህርት ቤት እንደተዘጋ ከእርሻ መሥሪያ ቤት ሰው ተላከብኝ። አንድ ፈረንጅ የስንዴ ባለሙያ መጥቷል፣ አስተርጓሚው ታሞ አዲስ አበባ ቀርቷል፣ «እባክሽ አብረሽው ዙሪ» አሉኝ። ሁለቴ አላስለመንኳቸውም። በዚያ ዘመን እንግሊዝኛዬን የምለማመደው ከተማሪዎቼ ጋር ብቻ ነበር፤ እነሱ ደግሞ በእንግሊዝኛ አፋቸውን የሚከፍቱት ሽንት ቤት ለመሄድ ሲያስፈቅዱ ነው።

ፈረንጁ ረጅም፣ ቀጭን፣ ፊቱ ከለቅሶ ቤት የተመለሰ የሚመስል ሰው ነበር። ክፉ ሰው አይደለም፤ እንዲያውም ደግ ነው። ችግሩ አፉ ነው። ጎባ ያረፈበት ሆቴል እንቁላሉን ሲያሳርሩበት «ዱምድ!» ይላል። ላንድሮቨሩ ጭቃ ውስጥ ሲሰምጥ «ዱምድ!» ይላል። ዝናብ ሲጀምር «ፌት» ይላል፤ ሲያባራም ወደ ሰማይ ቀና ብሎ «ፌት» ይላል። የመጀመሪያ ቀን ማታ መዝገበ ቃላቴን ገልጬ አየሁ። «ፌት» አስቀድሞ የተቆረጠ፣ ሰው የማይመልሰው ነገር ነው። «ዱምድ» ከዚያ ይብሳል፤ ሊመጣ የተነሣ፣ የማይቀር ጥፋት ነው። ለአንድ ለተጠበሰ እንቁላል ይህ ሁሉ ልቅሶ ምንድን ነው ብዬ ብቻዬን ሳቅሁ።

ስንዴው ዘንድ ስንደርስ ግን ሰውዬው ቀልድ አልነበረውም። በአካባቢው ገበሬው ሁሉ የሚወደው አንድ ነጭ ስንዴ ነበር፤ ሊጡ የሚነሣ፣ ገበያ ላይ ሰው የሚሻማበት። በዚያ በልግ አንዳንድ ማሳ ላይ ቅጠሉ እንደ እርድ ዱቄት የተነሰነሰበት ሆኖ ታየ። ቢጫ ዋግ የሚሉት የስንዴ በሽታ ነው። ገበሬው በልጉን እንደምንም ሰብስቦ፣ ያንኑ ዘር ለመኸር ሊደግመው ጎተራ ከቶታል። ፈረንጁ ቅጠሉን በጣቱ አሽቶ ቢጫውን አሳየኝና ይህ ዘር ዱምድ ነው አለኝ። ለመኸር ከተዘራ ማንም ምንም አያጭድም። መድኃኒቱ አንድ ብቻ ነው፤ ዋግ የሚቋቋም ሌላ ዘር በመኪና ተጭኖ ሮቤ መጋዘን በር ላይ ቆሟል፤ ገበሬው የራሱን ዘር አምጥቶ ልክ በልክ ይለውጣል። መኪናው የሚቆየው ግን እስከ ሳምንቱ መጨረሻ ነው።

ይህ ለእኔ የፈረንጅ ወሬ ብቻ አልነበረም። የአባቴ ታላቅ እህት ከሮቤ ወደ ሲናና በሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ ባለ መንደር ትኖራለች። ሙስሊም አግብታ ሰልማ፣ ባሏ ሞቶባት፣ ማሳዋን በራሷ ሰው እያሳረሰች የምትኖር ሴት ናት። የአባት እህት በኦሮምኛ «አዳዳ» ትባላለች፤ እኔም ከዚያ ሌላ ስም አላውቅላትም። በአዳዳ ማሳ ከዳር እስከ ዳር የሚዘራው ያ ነጭ ስንዴ ነው፤ ጎተራዋ ውስጥ ያለውም እሱ ብቻ ነው። ፈረንጁ «ዱምድ» ባለ ቁጥር እኔ የሚታየኝ እሷ ባዶ ጎተራ አፍ ላይ ቆማ ስታይ ነበር።

እንግዲህ ተርጉሚው ተባልኩ። በምን ልተርጉመው? «እጣ ፈንታ» ብዬ ብጀምር፣ አብሮን እንዲዞር የተመደበው ካድሬ እጁን አነሣ። የቆዳ ጃኬት የለበሰ፣ ከአዲስ አበባ ከመጣ ዓመት ያልሞላው፣ ገብስ ከስንዴ ለመለየት ዘለላውን ጠጋ ብሎ ማየት ያለበት ወጣት ነው። «ጓድ መምህርት፣ እጣ ፈንታ የሚባል ነገር የለም፤ ሃሳባዊነት ነው» አለኝ። እሺ፣ «መዓት» ልበል? «እሱ የቤተ ክርስቲያን ነው።» «ቀደር» ልበል? «እሱ የመስጊድ ነው።» «ፍርድ» ልበል? ፍርድማ የጎባ ፍርድ ቤት ነው። «እጣ» ብል ሰው ሁሉ ሎተሪ የደረሰው ይመስለዋል። በአገራችን ለክፉ ነገር ቃል ጠፍቶ አይደለም፤ እያንዳንዱ ባለቤት አለው፣ ባለቤቱም አያውስም።

«ታዲያ ምን ልበል?» አልኩት ጥርሴን ነክሼ።

ካድሬው አሰበና ፊቱ በራ። «ይወድማል በይ። ሕዝቡ የለመደው ቃል ነው።»

እውነቱን ነው፤ ሕዝቡ ለምዶታል። የመጀመሪያው ስብሰባ ሮቤ ከተማ ጥግ አማርኛ ከሚሰሙ ገበሬዎች ጋር ነበር። ፈረንጁ ተናገረ፤ እኔም ድምፄን ከፍ አድርጌ «ይህ ስንዴ ይወድማል!» አልኩ። ካድሬው ከኋላዬ ግራ እጁን ጨብጦ ወደ ላይ ሰደደው። የቀረውን ልነግራችሁ አያስፈልግም። ያ ሁሉ ገበሬ በአንድ ድምፅ «ይውደም!» ብሎ በገዛ ስንዴው ላይ ጮኸ። አንዱማ ከፊት የተቀመጠ ሽማግሌ ሁለቴ ጮኸ፤ ኢምፔሪያሊዝምን ያወገዘ መስሎት ነው። ፈረንጁ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ ብሎ ገበሬዎቹ ስለ ምን እንደተቆጡ ጠየቀኝ። በስንዴው ነው አልኩት። ዘር ለመለወጥ የመጣው ግን አንድ ሰው ነበር፤ እሱም የእርሻ መሥሪያ ቤቱ ዘበኛ ወንድም ነው።

ቀጣዩ ስብሰባ በአዳዳ መንደር ሆነ። እዚያ ኦሮምኛ ያስፈልጋል። ኦሮምኛ እኔም አፌን የፈታሁበት ነው፤ ካድሬው ግን ንግግሩ መጀመሪያ በአማርኛ መሰማት አለበት፣ ሁለት ቋንቋ ከአንድ አፍ ሲወጣ ሕዝቡ ግር ይለዋል አለ። ግር የሚለው እሱን መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ስለዚህ ሌላ አስተርጓሚ ይፈለግ ተባለና ከጎባ ፍርድ ቤት ሰው ተጠየቀ። ፍርድ ቤቱም የላከው አባቴን ነው።

አባቴ ዕድሜውን ሙሉ በጎባ ፍርድ ቤት በአማርኛና በኦሮምኛ መካከል ሲመላለስ የኖረ ሰው ነው። አጭር ነው፣ ክረምት ከበጋ ካፖርቱን አያወልቅም። በችሎት አስተርጓሚነቱ አንድ ነቀፌታ ተሰምቶበት አያውቅም፤ አንድ ጠባይ ግን ነበረው። ክፉ ቃል በአፉ አያሻግርም። ዳኛው «አምስት ዓመት ተፈርዶብሃል» ሲሉ አባቴ ቀጥ ብሎ ወደ ተከሳሹ ይዞርና በኦሮምኛ «ፈጣሪ ያሳጥርልህ፣ ደኅና ግባ ደኅና ውጣ፣ ቤትህን ይጠብቅልህ፣ ክፉው ከእኔ አፍ እንደወጣ አይቆጠር» ብሎ ይጀምራል። ተከሳሹ «ኣሚን፣ ኣሚን» ይላል። ቁጥሩ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። አንዳንዱ ተከሳሽ በነፃ የተለቀቀ መስሎት ዘመዶቹን እያየ ፈገግ ይል ነበር። ዳኞቹ መጀመሪያ ይቆጡ ነበር አሉ፤ በኋላ ለምደውት፣ እሱ እስኪጨርስ መነጽራቸውን መወልወያ ጊዜ አደረጉት።

ቤት ውስጥም እንዲሁ ነው። ተማሪ ሳለሁ ያመጣሁትን መጥፎ ውጤት ሲያይ እንኳ «የሚቀጥለው ይባርክልሽ» ብሎ መጀመሪያ መርቆኝ ነበር የሚገሥጸኝ። ቄስ አይደለም፣ ሼክም አይደለም፤ ግን ምርቃቱ ይደርሳል ተብሎ ክርስቲያኑም እስላሙም ያስመርቀዋል። እኔ ልጁ ስለሆንኩ ምርቃቱ ረዥም መሆኑን ብቻ ነው የማውቀው።

ስብሰባው ከመንደሩ በላይ ካለ ትልቅ የኮሶ ዛፍ ሥር ሆነ። ጉሙ ከሳነቴ ተራራ በኩል ወርዶ እስከ ፈረሶቹ እግር ደርሷል። ሰዉ ጋቢና ብርድ ልብሱን ተከናንቦ መሬቱን ሞልቶታል፤ አዳዳ ከሴቶቹ ፊት በርጩማ ላይ ተቀምጣለች፤ ወንድሟ ሊናገር ስለሆነ ነጠላዋን አሳምራ ለብሳለች። ከመጀመራችን በፊት ፈረንጁን ለመንኩት፤ እባክህ መጀመሪያ የዘሩን ለውጥ ተናገር፣ ጥፋቱን ወደ ኋላ አድርገው አልኩት። በፍጹም አለ። በሽታው ሳይነገር መድኃኒት አይነገርም፣ ሳይንስ እንደዚያ ነው አለ። ይህን ዓይነቱን ሰው ለመለመን ጊዜም ጉልበትም የለኝም ብዬ ተውኩት።

ፈረንጁ ተነሣ። ስንዴውን ወደ ላይ ከፍ አድርጎ አሳየና ስንዴያቸው ዱምድ መሆኑን በደንብ ተናገረ። እኔም ካድሬውን በዓይኔ ሸሽቼ፣ ባለቤት የሌለው ቀላል ቃል መረጥኩ። «ይህ ዘር ለመኸር ከተዘራ አይተርፍም፤ ይጠፋል» አልኩ። ከዚያ አባቴ ካፖርቱን ቆልፎ ወደ ፊት ወጣ።

ያን ሁሉ ሰው አየ፤ እህቱን አየ። ከዚያ ሁለት እጁን ዘረጋ።

«ረቢ ክፉውን ከማሳችሁ ይመልስ!» አለ በኦሮምኛ።

«ኣሚን!» አለ ሕዝቡ፣ መዳፉን ወደ ሰማይ ከፍቶ።

«ጎተራችሁ አይጉደል!»

«ኣሚን!»

«ከብታችሁ ይርባ! ልጆቻችሁ ይደጉ! ከቤታችሁ የወጣ ደኅና ይመለስ!»

«ኣሚን! ኣሚን! ኣሚን!»

እንዲህ እያለ ቀጠለ። ላሙም፣ ፈረሱም፣ ምንጩም፣ ደሎ መና ለንግድ የወረደውም፣ ወደ ሼክ ሁሴን መስጊድ ለዝያራ የሄደውም ሳይቀር ተመረቀ። ካድሬው «ኣሚን» የሚለውን ሰምቶ ፊቱ ቀላ፤ ግን ያን ሁሉ የተዘረጋ መዳፍ አይቶ ወደ ኋላ አፈገፈገ። ፈረንጁ ጎንበስ ብሎ ጆሮዬ ላይ፣ ስንዴያችሁ ዱምድ ነው ሲባሉ ለምን እንደሚጸልዩ ጠየቀኝ። እኔ ግን አገሬውን ስለማውቅ የፈራሁት ሌላ ነገር ነበር።

በእኛ አገር ምርቃት የስብሰባ መጨረሻ ነው። ዳኝነት ይሁን ሠርግ፣ ሽማግሌ እጁን ዘርግቶ ከመረቀ በኋላ ነገር የለም፤ ተነሥቶ መሄድ ነው። ከምርቃት በኋላ «ቁጭ በሉ፣ የቀረ ነገር አለ» ማለት የወጣውን ምርቃት መልሶ ወደ አፍ እንደመክተት ይቆጠራል። አባቴ ጨርሶ ፊቱን በሁለት መዳፉ ሲዳብስ፣ ሕዝቡም ፊቱን ዳብሶ አንድ ላይ ተነሣ። ልብሱን አራገፈ፣ ፈረሱን ፈታ። ስለ ዘር ለውጡ፣ ስለ መኪናው፣ ስለ መጋዘኑ አንድ ቃል አልተነገረም። አባቴ እንኳ እጁን አንሥቶ «ኧረ ገና…» ሊል ሞከረ፤ ሰዉ ግን እጁን እየሳመ አመስግኖት አለፈ። ጉሙ ውስጥ የፈረስ ኮቴ ብቻ ይሰማ ነበር።

ፈረንጁ ባዶው ሜዳ ላይ ስንዴውን እንደያዘ ቀረ። «የት ነው የሚሄዱት?» አለ።

«ወደ ቤታቸው» አልኩት።

ካድሬው ግን ደስ ብሎት ነበር። ሕዝቡ በሙሉ ድምፅ ተቀብሎታል፣ ስብሰባውም የተሳካ ነበር ብሎ ሪፖርት እንደሚያደርግ ነገረኝና ላንድሮቨር ውስጥ ገብቶ እግሩን አሞቀ።

ያን ዕለት ማታ በአባቴ ደሜ ፈልቶ አላናገርኩትም። በማግስቱ ፈረንጁ መጋዘኑ በር ላይ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ገበሬ ሲጠብቅ ዋለ፤ የመጣ ሰው የለም። ከሰዓት በኋላ እኔ ለብቻዬ አዳዳ ጋ ሄድኩ። ነገሩን ከሥር እስከ ጫፍ አስረዳኋት፤ ዋጉን፣ መኪናውን፣ ልክ በልክ መለወጡን። በጥሞና ሰማችኝ። ከዚያ ሳቀች።

«አንቺ የፈረንጁ አፍ ነሽ፤ አልፈርድብሽም» አለችኝ። «ወንድሜ ግን ያን ሁሉ ሰው ምስክር አድርጎ ማሳዬን መርቋል። እኔም ኣሚን ብያለሁ። አሁን ዘሬን ተሸክሜ ብለውጥ፣ ምርቃቱን መሬት ጣልኩት ማለት አይደለም?»

«አዳዳ፣ ስንዴው ታሟል እኮ እልዎታለሁ።»

«ከታመመ ምርቃቱ ያድነዋል። ካላዳነውም ቀደሬ ነው።»

ስንት ቀን ስፈልጋት የነበረች ቃል እንዲህ በቀላሉ ከአፏ ወጣች፤ ያውም ለእምቢታ። ጎረቤቶቿም ሁሉ ያይዋት የነበረው እሷን ነው፤ የመራቂው እህት ከዘራች እነሱም ይዘራሉ።

ጎባ ገብቼ አባቴን ራት ላይ አገኘሁት። ከዚህ በላይ መታገሥ አልቻልኩም። «አባባ፣ አዳዳ ዘሬን አልለውጥም ብለዋል» አልኩት።

«ለምን?»

«እርስዎ ስለመረቁላቸው።»

የያዘውን ጉርሻ ወደ ሳህኑ መለሰ። «እኔ የመረቅሁት ክፉው እንዲርቅ ነው» አለ።

«ክፉው አልራቀም፤ ጎተራቸው ውስጥ ነው ያለው። ከሱ የማይርቁት ደግሞ እርስዎ ስላልነገሯቸው ነው። ይህን መኸር የሚያስርባቸው ዋጉ ብቻ አይደለም፣ የእርስዎ ምርቃትም ነው።»

ይህን ካልኩ በኋላ ምላሴን ቆርጬ ብጥለው ደስ ባለኝ ነበር። አባቴ አልተቆጣም። እጁን ታጠበና ወደ መኝታው ገባ፤ ሳህኑ ላይ ያለው ምግብ እንደነበረ ቀረ። በሩን ሲዘጋ «ክፉ ቃል አንዴ ከወጣ ማን ይመልሰዋል?» ሲል ሰማሁት። ለእኔ ይሁን ለራሱ አላወቅሁም።

ጠዋት ስነሣ ካፖርቱን ለብሶ፣ ቆልፎ፣ በሩ ላይ ቆሟል። «ተነሽ» አለኝ። «እንሂድ። አንቺ ግን አንድ ነገር ታደርጊልኛለሽ። እኔ በገዛ አፌ ክፉ ተናግሬ አላውቅም፤ እኔ የማውቀው ማሻገር ነው። እዚያ ስንደርስ አንቺ በፈረንጅኛ ትይዋለሽ፣ እኔ አሻግረዋለሁ።»

«አባባ፣ እኔም እርስዎም እኮ ኦሮምኛ እናውቃለን። አዳዳ ቤት ቁጭ ብለን በእንግሊዝኛ ልናገር?»

«በፈረንጅኛ» አለ። «ቃሉ የመጣው ከዚያ ነው። ከመጣበት ይምጣ።»

አዳዳ በደስታ ተቀበለችን። ወተት ቀዳች፤ ጩኮ አቀረበች፤ በቅቤ የታሸ የገብስ በሶ ነው፣ ለአባቴ ነፍሱ ነው። አባቴ አልነካውም። «መጀመሪያ የሚባል ነገር አለ» ብሎ ቆመ። ቤቱ ዝቅ ያለ ስለሆነ ባርኔጣውን አውልቆ በእጁ ያዘ፤ ችሎት ውስጥ እንደሚቆመው ቀጥ ብሎ፣ ዓይኑን ከፊቱ ካለው ምሰሶ ላይ ተክሎ። ከዚያ ለእኔ አገጩን ነቀነቀልኝ።

የሆንኩትን አስቡት። አንዲት ኦሮሞ ባልቴት ቤት፣ ከገዛ አክስቴ ፊት፣ ጩኮው ሳይበላ፣ በእንግሊዝኛ ንግግር አደረግሁ። ሳቄ መጣ፤ ዋጥኩት። ፈረንጁ ያለውን ሁሉ እንዳለ አልኩ፤ እጄ ሳይቀር እንደሱ ከፍ ብሎ ነበር። «ዱምድ» የምትለዋ ቃል ላይ ስደርስ ግን አዳዳን አየኋት። በእንግሊዝኛው ተገርማ በፈገግታ ታየኝ ነበር። ዓይኔን ወደ ምሰሶው አዙሬ ጨረስኩት።

አባቴ ጠበቀ። ከዚያ በኦሮምኛ፣ ሳይጨምር ሳይቀንስ፣ ተናገረ። «እህቴ፣ ይህ ዘር ይጠፋል። ለመኸር ከዘራሽው ምንም አታጭጂም።» ከዚያም ዓይኑን ከምሰሶው ነቅሎ «ትራቢያለሽ» አለ።

«ትራቢያለሽ» ፈረንጁም አላለም፣ እኔም አላልኩም። አባቴ ከራሱ የጨመረው ነው።

አዳዳ ፈገግታዋ ቀስ ብሎ ጠፋ። ግን አልተጨነቀችም፤ የሚቀጥለውን ታውቃለች። ሁለት መዳፏን ጉልበቷ ላይ ከፈተችና ጠበቀች። ወንድሟ ክፉ ነገር ሲነግር ሳይመርቅ እንደማይቀር ከሕፃንነቱ ጀምሮ የምታውቀው ነው። አባቴ ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። ባርኔጣውን በሁለት እጁ ጨምድዶ ያዘ። ምንም አላለም። ከውጭ አህያዋ ስታናፋ ይሰማል። መዳፎቿ እንደተከፈቱ ናቸው።

«ጨርስ እንጂ» አለችው በመጨረሻ።

«ጨርሻለሁ» አለ።

መዳፎቿን አየች፤ ከዚያ አንዱን በሌላው ላይ አጥፋ ጭኗ መካከል ደበቀቻቸው። ወንድሟን ሽቅብ አየችው። እኔ በዚያች ሰዓት ከዚያ ቤት መውጣት ብቻ ነበር የምፈልገው። አባቴ ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም፤ ያን ቀንም አላለቀሰም፤ ግን አገጩ ይንቀጠቀጥ ነበር። አዳዳ ይህን አየች።

«ይህን ያህል ከሆነ እውነት ነው ማለት ነው» አለች። ብድግ ብላ ወደ እኔ ዞረች። «አንቺ ምን ትገተሪያለሽ? ፈረንጅኛሽን ጨርሰሽ የለም? ጎተራውን ክፈቺ!»

ዘሩን በጆንያ ሞልተን በአህዮቹ ስንጭን ጎረቤት መሰብሰብ ጀመረ። ምን ሆነሽ ነው፣ የት ልትሄጂ ነው፣ ምርቃቱስ አሏት። አዳዳ ስለ ዋግ አላወራችም፤ ስለ ሳይንስም አላወራችም። «ወንድሜ ነግሮኝ ሳይመርቀኝ ቀረ» አለች ብቻ። ሰዎቹ አባቴን አዩት። አባቴ መሬት መሬት ያይ ነበር። ከዚያ በኋላ ጥያቄ የጠየቀ የለም፤ እያንዳንዱ ወደ ጎተራው ሮጠ።

ከሰዓት በኋላ መጋዘኑ በር ላይ የአህያና የፈረስ ሰልፍ እስከ ዋናው መንገድ ደረሰ። ካድሬው ከትናንት በስቲያ ያደረገው ቅስቀሳ ፍሬ ማፍራቱን ለሰው ሁሉ ይናገር ነበር። ፈረንጁ ከበርጩማው ተነሥቶ ሰልፉን ከጫፍ እስከ ጫፍ አየ፤ ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ «ፌት» አለ። እኔም አልተረጎምኩትም።

አዳዳ አዲሱን ዘር ጭና ልትመለስ ስትል አባቴ አላስቻለውም። እጁን ዘረጋ፤ «ረቢ…» ብሎ ጀመረ። አዳዳ ገና ከመጀመሩ በእጇ አስቆመችው።

«ዝም በል! ጠዋት እጄን ዘርግቼ ስጠብቅ ዝም ያልከኝ አሁን ምን ትለኛለህ? ኣሚን አልልህም።» አህዮቿን ነድታ ሄደች።

አባቴ መንገዱ መሃል እጁን እንደዘረጋ ቀረ። ያን መኸር ሙሉ ሰላም አልነበረውም። ፍርድ ቤት እንደወትሮው ተከሳሹን እየመረቀ ያስተረጉማል፤ ቤት ሲገባ ግን ከሲናና በኩል የመጣ ሰው ባገኘ ቁጥር ሰላምታውን ሳይጨርስ «ስንዴው እንዴት ነው?» ይላል። በቅሏል ሲሉት ሌላ ይጠይቃል፤ ዘለላ አውጥቷል ሲሉትም አያምንም። ራሱ ሄዶ እንዲያይ ብነግረው እምቢ አለኝ። «ኣሚን ያላለችኝ ሴት ቤት በየትኛው ዓይኔ እገባለሁ?» አለ። በዚያ ራት ላይ የተናገርኩት ቃል ትክክል ነበር፣ ግን በየቀኑ ሲያንገበግበኝ ከረመ።

ታኅሣሥ ላይ፣ በገበያ ቀን ጠዋት፣ የግቢያችን በር ተንኳኳ። ስከፍት አዳዳ ናት፤ ከኋላዋ አንድ ሰው ጆንያ ስንዴ ተሸክሟል። መንደሩ አዲሱን ዘር አጭዶ ነበር፤ ዘራቸው ያልተለወጠ ሁለት ሦስት ማሳዎች ግን ቢጫ ሆነው እንደቆሙ መቅረታቸውን ከእሷ በፊት ሰምተናል። አባቴ ድምጿን ሰምቶ ካፖርቱን እየለበሰ ወጣ፤ እጅጌው ጠፋበት። «አከም ጂርታ፣ ልጆች ደኅና፣ ከብቱ ደኅና…» እያለ ረዥሙን ሰላምታ ጀመረ።

አዳዳ አልመለሰችለትም። ጆንያውን እግሩ ሥር አስወረደች። ከዚያ ነጠላዋን አስተካክላ፣ ሁለት መዳፏን ወደ ሰማይ ከፈተች።

«ኣሚን» አለች።

አባቴ ግራ ገባው። «እኔ እኮ ገና ምንም አላልኩም» አለ።

«ያኔ ቤቴ ቆመህ በሆድህ ላልከው ነው» አለችው።

አባቴ ጆንያውን ወደ ውስጥ ላስገባ ብሎ ጎንበስ አለ፤ ቀና ለማለት ግን ብዙ ቆየ።